ኮሬክት፦ አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ



ኮሬክት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከፈተና ወረቀት ላይ ታውቁታላችሁ። ትርጉሙን ብትጠየቁ «ልክ ነው» ትላላችሁ። ይህ ግን የቃሉ ግማሽ ነው። ቃሉ ግስም ስለሆነ «አርም» ማለትም ነው። የላቲን ምንጩ ማቃናት ማለት ነው። የእኛው ማረም ደግሞ ለጽሑፍም ለእርሻም ይሠራል፤ አረም በጊዜው ካልተነቀለ ሰብሉን ይውጣል።

በእኔ አስተያየት ለስደተኛ የሚበልጠው ሁለተኛው ትርጉም ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሰው ወረቀቱን ጥሎ ሸሸ። ከካላክላ የወጣው ሁሉ በሄደበት እንደገና ፎርም መሙላት ግድ ሆነበት። መዝጋቢው የጻፈውን አንብቦ «ኮሬክት?» ይላል። እኛም አክብሮት መስሎን «የስ» እንላለን። ስህተቱም በገዛ ቃላችን ጸደቀ ማለት ነው።

ስህተቱ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ከዘመን አቆጣጠር። በዚያች ዕለት የተወለደ ሕፃን በእኛ 2015፣ በፈረንጆች 2023 ነው። ሳይለወጥ 2015 ተብሎ ከተጻፈ ገና በእቅፍ ሳለ የስምንት ዓመት ልጅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከስም። ዐረብኛ «ጰ» ስለሌለው ጴጥሮስ ቡጥሩስ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ልጅ ሁለት ሰው ይመስላል። ሦስተኛ፣ ከአነጋገራችን። «ወንድም የለህም?» ስንባል «አዎ፣ የለኝም» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ «ኖ» ነው። «የስ» ብለን ዝም ካልን ወንድም አለኝ እንዳልን ሊቆጠር ይችላል።

ስለዚህ፣ ተማሪ ሆይ፣ ለእናትህ ስታስተረጉም ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ ተጠቀምበት፦ «ኢት ኢዝ ኖት ኮሬክት፤ ፕሊዝ ኮሬክት ኢት።» ልክ አይደለም፣ እባክዎ ይታረም ማለት ነው። ይህ ብልግና አይደለም። ወላጆችም ልጃችሁ በትልቅ ሰው ፊት ተናገረ ብላችሁ አትቆጡት።

ዛሬ ማታ በእጃችሁ ያለውን ወረቀት ሁሉ አውጡ። ስማችሁ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን፣ ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የተጣመመ ካለ አሁኑኑ ይታረም።