የቪትዝ ዋጋና ያልመጣው አውቶቡስ

ደብረ ዘይት ስል ቢሾፍቱ ትዝ ያላችሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ። እኔ የምላት ደብረ ዘይት በመተከል ዞን ያለችው፣ የወንበራ ወረዳ ከተማ ነች። እዚያ የሚያስተምር የእህቴ ልጅ ሰሞኑን አዲስ አበባ መጣና፣ «ጋሼ፣ ቪትዝ ልገዛ ነው፤ አብረውኝ ይዙሩ» አለኝ።

«አስተማሪ በምን አቅሙ?» ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ባለፈው ክረምት እማዬን ሌሊት አመማት። እስኪነጋ ድረስ የሚያደርሰን መኪና አጣን።» አፌን መልሼ ዘጋሁ። የዓመታት ቁጠባውን፣ የሚስቱን እቁብና የእህቴን ሁለት በሬዎች ዋጋ ይዟል። የጎደለውን ሊበደር ነው።

ደላላው ቀልጣፋ ነው። «የሴት መኪና ነች ጋሼ! ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። ዱኮ አልነካትም፤ ሞተሯ አልተከፈተም።» ቪትዟ በፈረንጆቹ የ2002 ስሪት ነች። ቆጣሪው 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ከሃያ ዓመት በላይ ተነድታ 80 ሺህ! ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት ሳትሆን አትቀርም። ይዘነው የሄድነው መካኒክ ከሥር ተኝቶ ሲያያት ሻንሲዋ ላይ ብየዳ አገኘ። ዋጋዋስ? ከሚሊዮን ብር በላይ።

እስቲ የዚህችን መኪና ታሪክ እንመልከት። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ፣ ለጠባብ መንገድና ለትንሽ ኪስ የታሰበች ነበረች። አውሮፓ ያሪስ ብሎ ተቀበላትና በ2000 የዓመቱ መኪና ብሎ ሸለማት። በ2020 ቶዮታ ራሱ ጃፓን ውስጥ ቪትዝ የሚለውን ስም ተወው። እኛ ዘንድ ግን ስሟ ገና ወርቅ ነው።

ለምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ በመቶዎች ፐርሰንት የሚቆጠር ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ቀድማ የገባችው አሮጊት ምትክ የማይገኝላት ሆነች። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ምጸት» አልገባ ይላቸው ነበር። ዛሬ ቢሆን ቪትዝ እየነዳሁ ክፍል እገባ ነበር፦ አሮጌን ሊያስወጣ የመጣ ሕግ፣ አሮጌን አነገሠ።

«ታዲያ የዓለም ቅራቅንቦ ይራገፍብን ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አልወጣኝም! ጭሱም፣ አደጋውም፣ ለነዳጅ የሚፈሰው ዶላርም እውነት ነው። ሕጉ ያነሣው ምክንያት ትክክል ነው። ስህተቱ በሩን ዘግቶ አውቶቡሱን አለማምጣቱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግዙ የሚባለው ምክር ለቦሌ ሰው ያስኬድ ይሆናል፤ ለወንበራ አስተማሪ ግን ምን ይፈይዳል? ያ ሚሊዮን ብር የቪትዝ ዋጋ አይደለም። ያልመጣው አውቶቡስ፣ ሌሊት ያልደረሰው አምቡላንስ ዋጋ ነው። ከፋዩም ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት ሳይሆን፣ በሬውን የሸጠ ሰው ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብን፣ ደላላውን ብቻ አንርገም። እኛ የተማርነውስ? በር ላይ የቆመች አሮጌ መኪናችን ዋጋዋ በጨመረ ቁጥር፣ በእውቀታችን ያተረፍን ይመስል ደስ ይለናል። መኪና የገዛን ዕለት ስለ አውቶቡስ መጮኽ እናቆማለን። ሻጭ ስንሆን ብየዳውን እንደብቃለን፤ ገዢ ስንሆን «አገሩ በሌባ ተሞላ» እንላለን። ቢያንስ ቦሎ በሚታደስበት ጊዜ የሚነበበው ኪሎ ሜትር በየዓመቱ ይመዝገብ፤ የደረሰው አደጋም አብሮ ይጻፍ፤ ገዢ ስም ከማዞሩ በፊት ይየው። ይህ ዶላር አይጠይቅም። ትንሽ ኀፍረት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የእህቴ ልጅ ቪትዟን ሳይገዛ ተመለሰ። አውቶቡስ ተራ ስሸኘው፣ «ጋሼ፣ ደግ አደረጉ፤ ከኪሳራ አወጡኝ» አለኝ። ቀጥሎ ግን ቦርሳውን እያነሣ፣ «እማዬን እንደገና በሌሊት ቢያማትስ?» ሲል ጠየቀኝ።

ስለ መኪናዋ ብየዳ ብዙ ያወራሁት ሰውዬ፣ የምመልስለት አጣሁ።