ዓርብ ማታን ስጡን

ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለአገር ውስጥ ጨዋታ አንድ የታወቀ ምሽት እንዲቆረጥልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ቅዳሜ ጠዋት የእንግሊዝን ጨዋታዎች በነጭ ጠመኔ በትልልቁ ይጽፋል፤ ከታች ቦታ ከተረፈችው የእኛን ሊግ ጣል ያደርጋል። አንድ የኅዳር ቅዳሜ የጣና ሞገዶቹ፣ ባሕር ዳር ከተማዎች፣ 12:00 ላይ ጨዋታ ነበራቸው። አርሴናልም 12:00 ላይ። ቴሌቪዥኑ አንድ ነው። ሰውየው ወንበር ላይ ወጣና "በሉ እጅ አውጡ" አለ። ለአርሴናል ቤቱ ከሞላ ጎደል ተነሣ። ለባሕር ዳር የወጣው ሰባት እጅ ነው፤ አንዱ የእኔ፣ ሁለቱ ደግሞ ለማላገጥ የወጡ።

አርሴናልን የመረጡትን አልወቅስም። እኔ ራሴ በሌላ ቀን ቢሆን ከእነሱ ጋር ነበርኩ። የምወቅሰው ሰዓቱን ነው፤ ሰዓቱን የምትመርጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። እንግሊዞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት የሚሉት የእነሱ ባህላዊ የጨዋታ ሰዓት፣ በክረምታቸው ወራት እኛ ዘንድ ልክ ምሽት 12:00 ነው። ከእሱ በፊት የሚደረገው በእኛ 9:30 ላይ ይጀምራል፤ ማታ ደግሞ 2:30 ላይ ሌላ ይከተላል። ስለዚህ የእኛን ጨዋታ ቅዳሜ 9:00 እና 12:00 ላይ ስታስቀምጡ ሁለቱንም እሳት አፍ ላይ አስቀመጣችኋቸው ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር በዚያው ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ11:45 እስከ ምሽት 2:15፣ እግር ኳስ በቀጥታ በቴሌቪዥን ማሳየት ክልክል ነው። ደንቡ ከ1960ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ጀምሮ አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ትልልቆቹን ክለቦች ካየ የሦስተኛና የአራተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ሜዳው ባዶ ይቀራል ብለው ነው። የበርንሊው ሊቀ መንበር ቦብ ሎርድ የታገለለት ነገር ነው። እንግዲህ ባለቤቶቹ ትንንሽ ክለቦቻቸውን እንዳይውጥባቸው አገራቸው ውስጥ በር የዘጉበትን ጨዋታ፣ እኛ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆነን በሰፊው ከፍተን እናየዋለን፤ የራሳችንንም ሊግ እፊቱ እናቆመዋለን። እንግሊዛዊው ሊያየው የማይችለውን አርሴናል የኔ ጎረቤት ሻይ እየጠጣ ያየዋል።

እንዝጋው አልልም፤ ማንም አይሰማንም። ከፊቱ ዘወር እንበል ነው የምለው።

ሁለተኛው ነገር የጨዋታ ቀኖቹ መበታተን ነው። "የ12ኛ ሳምንት ጨዋታ" ትላላችሁ፤ ሳምንቱ ግን አንዴ ሐሙስ ይጀምራል፣ አንዴ ማክሰኞ ያልቃል። በቀን ሁለት ሁለት እየተደረገ ይንጠባጠባል፣ በላዩ ተስተካካይ ጨዋታ ይጨመርበታል። ለብሔራዊ ቡድንና ለአፍሪካ ውድድር ሲባል የሚሸጋሸገውን እረዳለሁ። ሌላው ግን ልማድ ሆኖ ነው። አባቴ የስፖርት ጋዜጠኛውን ደምሴ ዳምጤን በሬዲዮ ሲያዳምጥ ሬዲዮኑን ቀድሞ ባትሪ አልብሶ፣ በርጩማውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ይጠብቅ ነበር። በዕለቱ ጨዋታ መኖር አለመኖሩን ማንንም አይጠይቅም ነበር። እኔ ስልክ ይዤ፣ ኢንተርኔት ሲኖር፣ እጠይቃለሁ።

በ2013 ዓ.ም. ከሱፐር ስፖርት ጋር የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት ውል ስትዋዋሉ ደስ ብሎን ነበር። ውድድሩም ያኔ በተመረጡ ከተሞች መደረግ ጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ክለቦች አንድ ከተማ ተሰብስበው ይጫወታሉ። ይህ አሠራር ብዙ ነገር አሳጥቶናል፤ የሜዳ ባለቤትነት የሚባል ጣዕም ጠፍቷል። አንድ ነገር ግን ሰጥቷችኋል፤ ቀን የመምረጥ ነፃነት። ደጋፊ በአውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዞ ሰኞ ሥራ ይቀርበታል የሚል ጭንቀት የለባችሁም። ጀርመኖች ያን ጭንቀት ያውቁታል፤ የሰኞ ማታ ጨዋታ ሲመጣባቸው የፍራንክፈርት ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ሜዳውን በቴኒስ ኳስ ሞሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2021/22 የውድድር ዘመን ጀምሮም የሰኞው ጨዋታ ቀረ። እናንተ ዘንድ ግን ተመልካቹ ያለው ቴሌቪዥን ፊት ነው። ስርጭቱ በማንም እጅ ይሁን፣ ቀኑን ለተመልካቹ ምረጡለት።

እኔ ዓርብ 12:00 እላለሁ። ማክሰኞና ረቡዕ የሻምፒዮንስ ሊግ ወሬ ነው። እሑድ እንደ ቅዳሜው የእንግሊዝ ነው፤ ጠዋቱም የቤተ ክርስቲያን ነው። ዓርብ መሥሪያ ቤት 11:30 ይዘጋል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነገ የሚቀሰቅሰው ደወል የለውም፣ ጁምዓ ቀን ላይ አልቋል። ጾም ነው ቢባል በሻይና በአምባሻ ጾም አይፈርስም። ዓርብ ማታ እንግሊዞች ቢጫወቱም አንድ ጨዋታ ነው፣ እሱም ወደ ሌሊቱ 5 ሰዓት ግድም። የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤትም ዓርብ ወንበሮቹን ደርድሮ ዝንብ ነው የሚያባርረው።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። ለቅዳሜ ገበያ ጤፉን ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ዓርብ ማታ ቤቱ ነው፤ አያይም። ከሐምሌ 28 ቀን 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህም አካባቢያችን ምሽቱ አጥሯል። 12:00 የተጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ባጃጅ በማይገኝበት፣ የጮቄ ተራራ ብርድ በሚወርድበት ሰዓት። ስለዚህ መብራት የሌለው ሜዳ ከሆነ፣ ወይም እንዲህ ያለ ጊዜ ከሆነ፣ 10:00 ይሁን፤ ብቻ ዓርብነቱ አይነካ።

ሁሉንም ጨዋታ አልጠየቅሁም። ከየሳምንቱ ትልቁን አንዱን ነው። የሚቀጥለውን መርሐ ግብር ስታወጡ "ዓርብ" ብላችሁ ጻፉና ዓመቱን ሙሉ አትሰርዙት። ሰሌዳው ላይ ከላይ እንዲጻፍ ባለቤቱን የማሳመኑን ሥራ ለእኔ ተዉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ተመልካች፣ ደብረ ማርቆስ