አይ ልጄ፣ እኔ መች ራሴን አምናለሁ?

ስማዳ፣ ወገዳ የነበሩት አያቴ ሁዳዴ ሊገባ ሲል የወተቱን ዕቃና የቅቤውን ቅል አጥበው ከዓይን ይሰውሩ ነበር። ልጅ ሳለሁ «እመይቴ፣ 55 ቀን እያዩ መታገሥ ያቅትዎታል እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባቸው። «አይ ልጄ፣ እኔ መች ራሴን አምናለሁ?» አሉኝ።

ዛሬ በማርኬቲንግ ሙያ ተሰማርቼ ሳስበው አያቴ ልክ ነበሩ። እኛ ደንበኛን ደረጃ በደረጃ ነው የምናመጣው፦ ትኩረቱን እንስባለን፣ ፍላጎቱን እንቀሰቅሳለን፣ እናስመኘዋለን፣ በመጨረሻም ይገዛል። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ላይ ሰው በገዛ ምኞቱ ተስቦ እንደሚታለል፣ ምኞትም ውላ አድራ ኃጢአትን እንደምትወልድ ያስተምራል። መንገዱ በቀላሉ የሚቋረጠው መጀመሪያው ላይ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ሌሊት ስልክዎ ላይ ማየት የማይገባዎትን እያዩ የሚቸገሩ ከሆነ ትግሉን አልጋ ላይ አይጀምሩት። ስልኩን ሳሎን ትተው ይግቡ። ውርርድ ካስቸገረዎት መተግበሪያውን ዛሬውኑ ያጥፉ። ይህ ፈሪነት አይደለም፤ ድካምን ማወቅ ነው።

መሸሽ ብቻውን ግን አይበቃም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ገዳም የኖሩት አባ ሙሴ ጸሊም ቀድሞ ሽፍታ ነበሩ። ከመነኮሱ በኋላም የዝሙት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ፈተናቸው። እሳቸው ሁለት ነገር አደረጉ። ፈተናቸውን ሳይደብቁ ለመንፈሳዊ አባታቸው ለአባ ኤስድሮስ ነገሩ። ሌሊት ደግሞ አቅም ላነሳቸው አረጋውያን መነኮሳት ውኃ እየቀዱ እንስራቸውን ይሞሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን በቅድስና ታስባቸዋለች።

እኔ ለንስሐ አባቴ የሚከብደኝን ነገር ለመናገር ወራት ፈጅቶብኛል። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ግን የጸሎት ሰዓት ወሰኑልኝና «ብትወድቅም ቶሎ ና» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፈተናው አልጠፋም፤ ብቻዬን መሸከሜ ግን ቀርቷል።

በፋሲካ የአያቴ ቅል ከተሰወረበት ይወጣል። ቅቤ ኃጢአት ሆኖ አልነበረም የተደበቀው። በተፈቀደው ነገር «ይቆየኝ» ማለትን የለመደ ሰው፣ ያልተፈቀደው ሲመጣም «አይሆንም» ለማለት አቅም ስለሚያገኝ ነው። እርስዎም ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ከዓይንዎ የሚሰውሩትን አንድ ነገር ይምረጡ።