የማዕድ ጸሎታችን ከገበያ ይጀምራል



ከምግብ በፊት ማመስገን የአማኝ ቤት መለያ ነው። ልጆቻችንን ከምናስተምራቸው የመጀመሪያ ጸሎቶች አንዱም የማዕድ ጸሎት ነው። ስለ ምግቡ ጌታን እናመሰግናለን፣ «ያዘጋጁትንም እጆች ባርክ» ብለን እንጨምራለን። «ያዘጋጁት እጆች» ስንል ግን በአእምሯችን የምትመጣው ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው እናት ወይም እህት ናት። ከእርሷ ወዲያ ያሉትን አናስብም። እንሰቱን ተክሎ ዓመታት የጠበቀውን፣ ቆጮውን የፋቀችውን፣ ቅቤውን የናጠችውን፣ በርበሬውን በፀሐይ ያሰጣውን እንረሳለን። እነዚህም ምግባችንን ያዘጋጁ እጆች ናቸው። እንዲባረኩ የጸለይንላቸውን እነዚህን እጆች ገበያ ላይ የምንይዝበት መንገድ የጸሎታችን አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ደስ የሚል ነገር ነው። የአገርን ምግብ በተመረተበት ቦታ መቅመስ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከአዲስ አበባ በሰበታና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ለመድረስ ወደ 155 ኪሎ ሜትር፣ በዓለም ገናና በጢያ አድርጎ ቡታጅራ ለመድረስ ደግሞ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው። ለኮንፈረንስ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደዚያ የሚሄድ አማኝ ክትፎና አይብ ሳይቀምስ፣ ቆጮ፣ ቅቤና በርበሬም ሳይሸምት መመለስ ይከብደዋል። ለመስቀል ሰሞን ወደ አገሩ የሚገባውን ሕዝብማ መንገዱ አይችለውም። ይህ መልካም ነው። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ምድር የራሱን ፍሬ ሰጥቷል። ያንን ፍሬ በቦታው ሄዶ ማየትና መቅመስ አምላካችንን ለማመስገን ምክንያት ይሆናል።

የምንገዛውን ነገር ግን እናውቀዋለን? እስቲ ከቆጮ እንጀምር። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በዚህ መካከል ከቦታ ወደ ቦታ እየተነቀለ ደጋግሞ ይተከላል፣ ፍግ ይለብሳል፣ ይኮተኮታል። ተከላው በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ነው። ከደረሰ በኋላ ያለው ከባድ ሥራ ግን የሴቶች ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ ግንዱን ይፍቃል፣ ሥሩን ይደቁሳል። የተፋቀው በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ ሲያሻም ለወራት እንዲብላላ ይቀመጣል። ከዚያ ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ ይነፋል፣ በኮባ ሆኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ይሆናል፣ ሥሩ ሲቀቀል አሚቾ ይባላል፣ ቃጫው ለገመድ ይሸጣል። እንግዲህ ጠረጴዛችን ላይ ከክትፎው ጎን የምትቀመጠው ያቺ ስስ ቂጣ የዓመታት ትዕግሥት ናት።

እንሰት በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው። ዝናብ ሲዘገይ እንደ እህል ወዲያው አይጠፋም። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን እንሰት የሚተክሉ አካባቢዎች ከሌሎች በተሻለ የተቋቋሙት በዚህ ምክንያት መሆኑ በሰፊው ይነገራል። ጠላትም አለው። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ አንዴ ከያዘው መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ ቢላውንም በእሳት ማጽዳት ብቻ ነው መፍትሔው። አምስት ዓመት የጠበቁት ተክል በአንድ ወቅት ሲጠወልግ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ ብቻ ይገባዋል።

በርበሬውም እንዲሁ ነው። በቡታጅራ ዙሪያ የመስቃንና የማረቆ ምድር በበርበሬው የታወቀ ነው፤ ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ችግኙ በመደብ ላይ ይፈላል፣ ወደ ማሳ ይዛወራል፣ ዛላው ሲቀላ ይለቀማል፣ ይሰጣል። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ የተሰጣውን ሊያበላሸው ይችላል። ያንን ሁሉ አልፎ ነው ጆንያው ገበያ የሚደርሰው።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ከከተማ የመጣው ገዢ ከመኪናው ይወርዳል። በዕድሜ እናቱ የምትሆነውን ሴት «አንቺ፣ ይኼ ስንት ነው?» ይላታል። ዋጋውን ስትነግረው ፊቱን ያጨማድዳል። ቅቤው ሸቷል፣ ቆጮው ጠቁሯል፣ በርበሬው ቀለም የለውም ይላል። የተጠራውን ዋጋ በግማሽ ቀንሶ ይሰጣል፣ ሄዶ ይመለሳል፣ በመጨረሻም ይገዛል። ቤቱ ሲደርስ ለጎረቤቱ «እንዲህ ዓይነት ቅቤ በዚህ ዋጋ! አዲስ አበባ ብትፈልግ አታገኘውም» እያለ ይኩራራል። መጽሐፈ ምሳሌ ይህን ሰው ከብዙ ዘመን በፊት አይቶታል። ምሳሌ 20፥14ን አንብቡ፤ ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ሲሄድ ግን ስለ ግዢው የሚመካ ሰው እዚያ ተሥሏል። ቃሉ የሚያሳየን በቅናሽ የመጣ ውሸትን ነው። በልባችን «ድንቅ ነው» እያልን በአፋችን «መጥፎ ነው» ካልን፣ ገበያ ቢሆንም ውሸት ውሸት ነው።

ይኸው ሰው ከገበያው በኋላ ክትፎ ቤት ይገባል። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ያለ አንዳች ጥያቄ ይከፍላል፣ ለአስተናጋጁም ጉርሻ ይተዋል። በዚያ መክፈሉ መልካም ነው፤ አስተናጋጁም የሰው ልጅ ነው። ግን ለምንድን ነው እጃችን ለተጻፈ ዋጋ የሚዘረጋውና ለተነገረ ዋጋ የሚጨበጠው? የምግብ ቤቱ ባለቤት ሊያሳፍረን ስለሚችል፣ መሬት ላይ የተቀመጠችው እናት ግን ስለማትችል አይደለምን? ዛሬ ካልሸጠች ጨውና ጋዝ ሳትገዛ ያንኑ ሸክም ተሸክማ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህን እናውቃለን። ስለምናውቅም ነው ሄደን የምንመለሰው።

ጉዳዩ ከአንዲት ሴት የቀን ገቢም ያልፋል። በብዙ መድረኮቻችን ስለ ጫት አጥብቀን እንሰብካለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በጉራጌ ምድር ጫትና ባሕር ዛፍ ከእንሰቱና ከእህሉ ጎን እየሰፉ የመጡት ለምን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? ገበሬ የሚተክለውን የሚመርጠው ልጁን በሚያስተምርበት ገንዘብም ነው። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቀነጠባል፣ ገዢው ጥሬ ብር ይዞ ይመጣል። ባሕር ዛፍ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። እንሰት ዓመታት ያስጠብቃል፣ የሴቶችን ወገብ ይጎብጣል፣ በመጨረሻም ገበያ ላይ በእኛ ክርክር ዋጋው ይረክሳል። እሁድ ስለ ጫት ሰብከን ቅዳሜ የቆጮን ዋጋ የምንሰብር ከሆነ፣ ገበሬው የሚሰማው የቱን ስብከት ይመስላችኋል?

ታዲያ ቃሉ ምን ያስተምረናል? በዘሌዋውያን 19፥9-10 እግዚአብሔር ሕዝቡን የእርሻቸውን ዳርቻ ሙልጭ አድርገው እንዳያጭዱ፣ የወደቀውን ቃርሚያ እንዳይለቅሙ አዝዟቸዋል፤ ለድሀውና ለመጻተኛው ይተውላቸው ዘንድ። ልብ በሉ፣ እርሻው የባለቤቱ ነው፣ እህሉም የእርሱ ነው። ሁሉንም ቢያጭድ ሌባ አይባልም። እግዚአብሔር ግን «መብትህ ነውና ሙልጭ አድርገህ ውሰድ» አላለውም። ዳርቻ እንዲተው አዘዘው። ቦዔዝ ይህን ትእዛዝ ከዚያም አስፍቶ ፈጸመው። ለአጫጆቹ በጌታ ስም ሰላምታ ሰጠ፣ ሩትን ከማዕዱ አበላት፣ ከነዶውም ሆን ብለው እንዲጥሉላት ሎሌዎቹን አዘዘ (ሩት 2)። ከዚያ ቤት ንጉሥ ዳዊት፣ ከዳዊትም ዘር በሥጋ ጌታችን መጣ።

ብዙዎቻችን እርሻ የለንም። ግን ኪስ አለን። በክርክሩ መጨረሻ ላይ የምንታገልላት ያቺ አሥር ወይም ሃያ ብር የእርሻችን ዳርቻ ናት። መብታችን ልትሆን ትችላለች። ግን ሙልጭ አድርገን እንድናጭዳት አልተጠራንም። እንተዋት።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «እኛም ኑሮው ከብዶናል፤ ዋጋ መከራከር ደግሞ ባህላችን ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ኑሮው ከብዷል። መከራከርም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሻጭም አስቦበት ነው ዋጋውን ከፍ አድርጎ የሚጠራው። የምቃወመው ዕቃውን በውሸት ማጣጣልንና የሰውን ችግር እንደ ጅራፍ መጠቀምን ነው። አቅም ካነሰን ግማሽ ኪሎ እንግዛ። ወይም «እናቴ፣ ያለኝ ይህ ነው» ብለን እውነቱን እንናገር። ይህ ሻጩን አያዋርድም፣ ገዢውንም አያሳፍርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «ሻጮቹስ? ቅቤው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት፣ ማሩ ስኳር ሆኖ፣ የተፈጨው በርበሬ ሸክላ ገብቶበት የለም ወይ?» ይህም አለ፤ አንሸፋፍነው። እግዚአብሔር እውነተኛ ሚዛን ይጠይቃል (ዘሌ. 19፥35-36)፤ ይህ ትእዛዝ ለገዢም ለሻጭም ነው። ይህን የምታነቡ አምራችና ነጋዴ ወገኖች ብትኖሩ በፍቅር እላችኋለሁ፦ በቅቤ ላይ የተጨመረ ባዕድ ነገር ሰውን ከማታለል አልፎ የጌታን ስም ያሰድባል። ለገዢው ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ ንጹሑን ቅቤ በተቀላቀለው ዋጋ ካልገዛሁ ካልን፣ ታማኟን ሴት ከገበያ የምናስወጣት እኛ ነን። ታማኝነት ዋጋ እንዳለው ገዢው በኪሱ ካላሳየ፣ ቀላቃዩ ያሸንፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በትንሹ እንጀምር። ገበያ ስንሄድ ሻጮችን በአክብሮት እንጥራ፤ በዕድሜ የሚበልጡንን «እርስዎ» ማለት ምንም አያስወጣንም። ቅቤና ቆጮ የምንገዛት አንዲት ሴት ትኑረን፣ ስሟን እንወቅ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳብላላችው እንጠይቃት። የምንወስደውን በዱቤ አንውሰድ፤ ከወሰድንም ቃል በገባንበት ቀን እንክፈል፤ የሠራተኛን ዋጋ ማሳደር ጌታ የሚጠላው ነገር ነው (ዘሌ. 19፥13፤ ያዕ. 5፥4)።

ለአብያተ ክርስቲያናትም ቃል አለኝ። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ኮንፈረንስ ስናዘጋጅ ለምግብ የምናወጣው ገንዘብ ጥቂት አይደለም። ቆጮውን፣ አይቡን፣ ጎመኑን በአካባቢው ካሉ እናቶች እንግዛ፤ ከመካከላቸው በጉባኤው የሚቀመጡ እህቶቻችን አሉ። ዋጋውን አስቀድመን እንነጋገር፣ ኮንፈረንሱ ሳይዘጋ እንክፈል። «ለጌታ ሥራ ስለሆነ ቀንሺልን» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። መስጠት የምትፈልግ እህት በሳጥኑ በፈቃዷ ትሰጣለች፤ በዋጋ ቅናሽ አናስገድዳት። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥቶ፣ ማኅበር አቋቁሞ መንገዱን ለማሠራት የተነሣ ሕዝብ ነው። በጋራ ቆሞ ወገንን ማንሣት እንግዳ ነገር ሆኖብን አያውቅም።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያለህ አንባቢም ይህን ስታነብ፣ «ታዲያ ወንጌሉ ስለ ገበያ ምን አገባው?» ትል ይሆናል። ወንጌሉ የሚነግረን አምላክ እንደ ትንሽ የሚቆጠረውን ሰው የሚያይ አምላክ ነው። በዮሐንስ 6 ኢየሱስ ሕዝቡን ሲመግብ የተጠቀመው የአንድን ብላቴና አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ነው። ገብስ የድሀ እንጀራ ነበር። ደቀ መዝሙሩ «ይህ ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ይሆናል?» በሚል ዓይን አየው። ጌታ ግን አላጣጣለውም፤ ተቀበለው፣ አመሰገነ፣ ሰጠ። የእኛም የደኅንነት ተስፋ ያለው በዚሁ ነው፦ በገበያ ዋጋ ብንመዘን ርካሽ በሆንን ጊዜ፣ እርሱ ሙሉውን ዋጋ ከፍሎልናል። በእንዲህ ያለ ዋጋ የተገዛ ሰው ሙልጭ አድርጎ ማጨድ እንዴት ያምርበታል?

በሚቀጥለው ጊዜ ኮባው ተፈትቶ ቆጮው ሲቀርብልን፣ ዓይናችንን ጨፍነን «ያዘጋጁትን እጆች ባርክ» ስንል፣ እነዚያን እጆች ገበያ ላይ ምን ከፍለናቸው እንደመጣን እናስታውስ።

ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ። ጸጋ ይብዛላችሁ።