የተቃጠለው ቦርዱ ነው

«ይሄማ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ።» መብራት ሄዶ ሲመጣ ሃርድ ዲስኩ ዝም ያለበት ሰው ጥገና ቤት ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ፍርድ ይህ ነው። የሠርግ ቪዲዮም ሆነ የድርጅት ሒሳብ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ እንደነደደ ይቆጠራል። ፍርዱ ግን ችኩል ነው። የተቃጠለው ከዲስኩ ሥር በትናንሽ ብሎኖች የታሰረው ቦርድ ሊሆን ይችላል። ዳታው ያለው ደግሞ በታሸገው የብረት ቤት ውስጥ በሚሽከረከሩት ሳህኖች ላይ ነው።

የኮሎምቢያን ያህል የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2003 ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታትና ሰባት ጠፈርተኞች አለቁ። ከወራት በኋላ ከስብርባሪዎቿ መካከል በዜነን ጋዝ ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት የያዘ የሲጌት ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ፕላስቲኩ ቀልጧል፤ ቦርዱ ከመክሰሉ የተነሳ መልኩ አይለይም፤ ቺፖቹ ረግፈዋል። የተጎዳ ዳታ መልሶ የሚያወጣው የክሮል ኦንትራክ ኩባንያ ባለሙያዎች ሳህኖቹን አጽድተው በሌላ ዲስክ አካል ውስጥ ከገጠሙ በኋላ ከዳታው 99 በመቶ ያህሉን አወጡ፤ የሙከራው ውጤትም እ.ኤ.አ. በ2008 ፊዚካል ሪቪው ኢ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ዕድልም አግዟቸዋል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ዳታን እዚህም እዚያም በማይበትነው በአሮጌው የዶስ ሲስተም ስለነበር፣ ሳህኑ የተጎዳው ምንም ባልተጻፈበት በኩል ነበር።

ከዚህ ጋር ሲተያይ በየቤቱ የሚደርሰው አደጋ ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ኤክስተርናል ዲስክ በ12 ቮልት አዳፕተር ይሠራል። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ 19 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ የአንዳንዱ ጫፍ ደግሞ እዚያው ቀዳዳ ልክክ ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ ትንሽ የመቃጠል ሽታ፣ ከዚያም ጸጥታ።

እዚህ ላይ ቀድሞ የሚሞተው ሊሞት የተቀመጠ ዕቃ ነው። በብዙ ቦርዶች ላይ፣ ኤሌክትሪክ በሚገባበት አጠገብ፣ አንዱ ለ5 ቮልት ሌላው ለ12 ቮልት የቆሙ ሁለት ዳዮዶች አሉ። ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ ዳዮዱ ራሱ ሾርት አድርጎ ሌላውን ያተርፋል። ባለሙያ ቴስተሩን ሲያስነካው ንባቡ ወደ ዜሮ ከወረደ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ዳዮዱን ብቻ በጥንቃቄ በማንሳት የሚነሳ ዲስክ ጥቂት አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን መከላከያ የሌለው ዲስክ ነውና ዳታውን በቶሎ ገልብጦ ማሳረፍ ይገባል።

ጉዳቱ ከዳዮዱ አልፎ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ቺፕ ከበላ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ትልቁ ጥፋት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። ድሮ ተመሳሳይ ሞዴል ፈልጎ ቦርዱን መቀየር ይበቃ ነበር። ዛሬ አይበቃም። እያንዳንዱ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ የማንበቢያና የሳህን ልኬት፣ ልብስ ሰፊ የአንዱን ደንበኛ ልክ ጽፎ እንደሚያስቀምጥ፣ በቦርዱ ላይ ባለች ባለስምንት እግር ትንሽ ቺፕ ውስጥ ይጻፋል። በአንዳንዱ ሞዴል ይህ ጽሑፍ ያለው በዋናው ቺፕ ውስጥ ነው። አዲሱ ቦርድ ይህን ካላገኘ ዲስኩ ይሽከረከራል እንጂ አያነብም። ዳታውን በቦርዱ በኩል የሚመሰጥሩ ኤክስተርናል ዲስኮችም አሉ፤ የእነዚያ ቦርድ ከጠፋ ሳህኑ ቢነበብ እንኳ የሚገኘው ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው።

ስለዚህ የከሰለውን ቦርድ ቅርጫት ውስጥ የሚወረውር ጠጋኝ የወረወረው ቁልፉን ነው። ጥገና ቤቶችን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይሆንም፤ ደንበኛውም በሃምሳ ብር ተከራክሮ «ቶሎ በል» የሚል ነው። ቢሆንም አንድ ልማድ ቢለመድ ዋጋው ብዙ ነው፦ ቦርዱ የቱንም ያህል ቢያር ከዲስኩ ጋር በላስቲክ ታሽጎ ለባለቤቱ ይመለስ። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ «ልየው» ማለትም ይቅር። የማንበቢያው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ነው፤ ተራ አቧራ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቦርዱ ላይ አይደለምና ወዲያው ከኤሌክትሪክ መንቀል ነው።

የነገሩ ሌላ ገጽ ብዙም አይወራም። ቦርድ ተቀይሮለት የሚነሳ ዲስክ ለባለቤቱ ብቻ አይነሳም፤ ከቆሻሻ ላነሳውም ይነሳል። ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሸላት የተባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ከሠሩት 129 መካከል በትክክል ተጠርገው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ወጥቷል። እነዚያ ግን የሚሠሩት ናቸው፤ «አይሠራም» የተባለውንማ ማን ያጠራዋል? ማጥፋት የሚፈልግ ሰው እንኳ ኮምፒውተሩ ካላየው ፎርማት ሊያደርገው አይችልም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። የመሥሪያ ቤቶች ንብረት ክፍል አሮጌ ኮምፒውተሮችን በጨረታ ሲያስወግድ «የተቃጠለ» ተብሎ የተመዘገበውን ዲስክ ከብረታ ብረት ጋር መደመሩን መተው አለበት። የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የታካሚ ካርድ የነበረበት ዲስክ፣ ሳህኖቹ በድሪል ሳይበሱ ከግቢ እንዳይወጣ በማስወገጃ መመሪያው ላይ ይጻፍ፤ የፈጸመውም ሰው ይፈርምበት።