ቀበቶው የትራፊክ ፖሊሱ አይደለም



ከሻሸመኔ ወደ ሀዋሳ ስትመጡ ጥቁር ውሃ አካባቢ የሚሆነውን አስተውሉ። ሾፌሩ ገና ትራፊክ ፖሊሱን ከሩቅ ሲያይ ቀበቶውን ስቦ ደረቱ ላይ ጣል ያደርጋል። አንዳንዱ ጭራሽ አይቆልፈውም፤ በእጁ ይዞት ያልፋል። ትራፊኩ ከመስታወቱ ሲጠፋ ቀበቶውም አብሮ ይጠፋል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ደግሞ መብራት ብልጭ አድርጎ «ትራፊክ አለ» እያለ ይተባበረዋል። ደግ የሠራ ይመስለዋል!

ይህ ለይዩልኝ የታሰረ ቀበቶ ነው። ለይዩልኝ የሚሠራ ሥራ ምን እንደሚያተርፍ ደግሞ እዚህ ገጽ ላይ የምንሰበሰብ ሰዎች ከማንም በላይ እናውቃለን።

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ፣ ያለ ቀበቶ ማሽከርከር እንደሚያስቀጣ ያልሰማ ሾፌር የለም። ዛሬ መኪናችን ውስጥ ያለው፣ ትከሻንና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘው ቀበቶም ቢሆን ኒልስ ቦሊን የተባለ የቮልቮ መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። ኩባንያው ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። በ1970 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ማሰርን በሕግ ግዴታ አደረገች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ የመኪና ተሳፋሪን የመሞት አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከስልሳ ዓመት በላይ የተፈተነ ነገር ነው። ታዲያ ለምንድን ነው የማናስረው? ሰበቦቻችንን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው፦ «ቀኔ ከደረሰ ቀበቶ አያድነኝም፤ ካልደረሰም አልሞትም።»

ይህች አባባል ኢማን ትመስላለች። ግን ይህንኑ ወንድማችንን ማታ ቤቱ ድረስ ብትከተሉት በሩን በብረት ቀርቅሮ ነው የሚተኛው። ሱቁን በሁለት ቁልፍ ይቆልፋል። ልጁን ሲያተኩሰው ክሊኒክ ይሮጣል። ለንብረቱ ሲሆን ሰበብ ማድረስን ያውቅበታል፤ ቀደር ትዝ የሚለው ለገዛ ደረቱ ሲሆን ብቻ ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ይበቃው እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት መልስ አስሮ እንዲመካ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመለሱ። ከቀደር ይሸሻሉን ተብለው ሲጠየቁም፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ ነው የመለሱት። እኛ ከዑመር የበለጠ ተወኩል አለን እንዴ? ቀበቶ ማሰርም ቀደር ነው፤ አለማሰርም ቀደር ነው። የምንጠየቀው ግን በእጃችን ባለው ምርጫ ነው።

ሁለተኛው፦ «ከተማ ውስጥ ነኝ፤ ከአቶቴ ፒያሳ ለመድረስ ምን ቀበቶ ያስፈልጋል?»

የሀዋሳ መንገድ ሰፊና ሜዳ ነው፤ ሳይታወቅህ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ትደርሳለህ። በዚህ ፍጥነት ከቆመ ነገር ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ግድም፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ስትወድቅ በእጄ ተደግፌ እተርፋለሁ ትላለህ? እህቴ፣ አንቺም ከፊት ወንበር ልጅሽን ታቅፈሽ ስትቀመጪ አጥብቄ ይዤዋለሁ ትያለሽ። በዚያች ቅጽበት አስር ኪሎ የሚመዝነው ልጅ ከመቶ ኪሎ በላይ ሆኖ ከእጅሽ ይነጠቃል። የእናት ፍቅር ኃይለኛ ነው፤ ክንዷ ግን የሥጋና የአጥንት ነው።

ሦስተኛው፦ «የራሴ ነፍስ ነው፤ ምን አገባችሁ?»

በመጀመሪያ ነፍስህ አማና ናት፤ ያንተ ንብረት አይደለችም። ሁለተኛ፣ ከኋላ ያላሰረ ሰው በግጭት ጊዜ ሄዶ የሚያርፈው ከፊቱ በተቀመጠው ሰው ጀርባ ላይ ነው። ከፊት ያለው ቢያስርም ያንተ ክብደት ይጫነዋል። ሦስተኛ፣ አንተ ስትተኛ የሚያስታምሙህ፣ የልጆችህን ቀለብ ለመሸፈን በየመስጂዱ በር መዋጮ የሚለምኑት እነማን ናቸው? ያገባናል!

አራተኛው፦ «ሕጉ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው። የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ቀበቶ የለው፣ ባጃጁ ቀበቶ የለው፤ እኔ ላይ ብቻ ምን አመጣው?»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ቁጥጥሩ እኩል አይደለም፤ ብዙው ሀዋሳዊ የሚሳፈረው ደግሞ ቀበቶ በሌለው ባጃጅ ነው። ግን የጎረቤትህ ቤት በር የለውም ብለህ ያንተን በር ነቅለህ ትጥላለህ? ቀበቶ በሌለበት ኃላፊነትህ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ባጃጅ ሲሞላ ከሾፌሩ ጎን ተለጥፎ አለመሄድ ያንተ ምርጫ ነው። በሚኒባስ ትርፍ ሲጫን «አልሄድም» ማለት፣ ሾፌሩ ሲፈጥን «ቀስ በል» ማለት ያንተ ምርጫ ነው። ያለ ትራፊክ ፖሊስ የሚደረግ ሕግ ማክበር ማለት ይኸው ነው።

ቦናን ረሳን እንዴ? ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በክልላችን በሲዳማ፣ ቦና ላይ ሰው የጫነ የጭነት መኪና ገላና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች አለቁ። ለሰርግ ይጓዙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ይህን የማነሣው ሟቾችን ለመውቀስ አይደለም። ዘመዶቻቸው ቁስላቸው አልደረቀም፤ አላህ መጽናናቱን ይስጣቸው። የማነሣው ለቀሩት ነው። በጭነት መኪና ላይ ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ላይ ሰውን የሚያድነው ከመሳፈሩ በፊት የሚወሰነው ውሳኔ ብቻ ነው፦ የሾፌሩ፣ የባለመኪናው፣ የደጋሹ። ከዚያ ወዲህስ በሰርግ አጀባችን ምን ተለወጠ? ዛሬም ወጣቶቻችን በመኪና መስኮት ወጥተው ተቀምጠው፣ እየጨፈሩ ወደ አሞራ ገደል ሲነዱ አባቶች ቆመው ያጨበጭባሉ። ኒካሑን በዱዓእ አስረን አጀቡን ለሞት እንለቀዋለን።

እና ምን እናድርግ? ሾፌር ከሆንክ ሁሉም ሳያስር ሞተር አታስነሣ፤ መኪናው ውስጥ አሚሩ አንተ ነህ። አባት ከሆንክ አንተ ሳታስር ልጅህን እሰር አትበል፤ ልጅ የሚማረው ከምታደርገው ነው። ደጋሽ ከሆንክ ለአጀቡ ሾፌሮች ቀድመህ ቃል አስገባ። ኢማሞቻችንም አንድ የጁሙዓ ኹጥባ ለዚህ ቢሰጡ አይበዛም። የጉዞ ዱዓእ እያልክ እጅህን ቀበቶው ላይ አድርግ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ትራፊክ ፖሊሱ የሚቆመው ጥቁር ውሃ ላይ ነው። አደጋው ግን የሚቆምበትን ቦታ አስቀድሞ አይነግርህም። ቅጣቱ ከኪስህ ጥቂት ብር ይወስዳል፤ ግዴለሽነትህ ግን ልጆችህን የቲም ሊያደርግ ይችላል። ለፖሊሱ ብለህ ያሰርከውን ለአላህ ብለህ እሰረው።

አላህ መንገደኞቻችንን ሁሉ በሰላም ያግባልን። አሚን።