ስለ ልጆቻችን ላብ

በቋንቋችን ላብ የክብር ስም ያለው ነገር ነው። ሠርቶ የሚያድረውን ሰው «ላቡን ጠብ አድርጎ የሚበላ» እያልን እናመሰግነዋለን፤ የሰው ሐቅ የወሰደውንም «የድኻ ላብ የበላ» ብለን እንነቅፈዋለን። አባታችን አዳም ከገነት ከወጣ ወዲህ ሰው ያለ ወዝና ያለ ድካም እንጀራ እንዳልበላ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ይኸው የተከበረ ላብ 14 ወይም 15 ዓመት በሞላው ልጅ መዳፍና እግር ላይ ያለ ሥራና ያለ ሙቀት ሲንጠባጠብ፥ ክብርነቱ ቀርቶ ኀፍረት ይሆንበታል። ውድ አንባብያን ሆይ፥ በዚህ ወር ዓምዳችን ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ይህ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ቢታይም፥ ልጅን ከትምህርት ገበታ፥ ከጓደኛና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊያርቅ እንደሚችል በዐይናችን አይተናል።

ያየነውም በቴፒ ነው። ቴፒ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ፥ በቡናና በቅመማ ቅመም አዝመራ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ በእንግድነት የተቀበሉን አንዲት እናት ስለ 15 ዓመት ልጃቸው እያዘኑ አጫወቱን። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዳሴ የማይቀርበት ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ፥ ዝናብ እንኳ ቢዘንብ ከውጭ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። እንግዳ ሲመጣ እጁን ከኪሱ አያወጣም። አባቱ «ጎረመሰ፤ ትዕቢት ገባው» አሉ። እናቱ ደግሞ ሃይማኖቱ የቀዘቀዘ መስሏቸው ስእለት ተሳሉ።

አንድ ቀን ግን እናቱ ልብስ ለማጠብ ሲሰበስቡ የልጁን ካልሲ ከፍራሹ ሥር ተጠቅልሎ አገኙት፤ ከውኃ የወጣ ይመስል ነበር። ጠርተው ቢጠይቁት ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «እማዬ፥ ጫማዬን ሳወልቅ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። በምረግጠው ምንጣፍ ላይ የእግሬ ዱካ ይቀራል። እግዚአብሔርን ጠልቼ አይደለም፤ እግሬ አሳፍሮኝ ነው» አላቸው። እናት በዚያን ቀን ያለቀሱት ስለ ላቡ ሳይሆን፥ ልጃቸው ይህን ያህል ጊዜ ብቻውን ስለ ተሸከመው እንደ ሆነ ነገሩን።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ፈጣሪ በሰው ቆዳ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ ላብ አመንጪ ዕጢዎችን አኑሯል። ሥራቸው ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው፤ ላቡ ከቆዳ ላይ በሚተንበት ጊዜ ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጥር 2001 ዓ.ም. በዱባይ ማራቶን ባሸነፈበት ጊዜ፥ ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 10 እጅ የሚጠጋ በላብ እንደ ቀነሰ አብረውት የሠሩ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ያ ላብ ባይኖር ኖሮ ያ ሩጫ አይፈጸምም ነበር። ስለዚህ ማላብ በራሱ በሽታ አይደለም፤ አለማላብ ነው ይልቁንም የሚያስፈራው።

ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፥ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ በዓመትም ከ1500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች። አየሩ ርጥበት የሞላበት ስለ ሆነ ላብ ቶሎ አይተንም፤ በቆዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል እንጂ። ከደጋ ወደ ቡናው አገር የወረደ ሰው «እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ላብ በዛብኝ» የሚለው አንድም ስለዚህ ነው።

ጉርምስና ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በብብትና በጉያ ውስጥ እስከዚያ ዕድሜ ተኝተው የነበሩ ሌላ ዐይነት ዕጢዎች ይነቃሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ወዝ ሲወጣ ሽታ የለውም፤ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ሲመገቡት ነው ሽታ የሚፈጠረው። ስለዚህ ትናንት ሽታ ያልነበረው ልጅ ዛሬ ቢሸት ሰነፈ ማለት አይደለም፤ አካሉ ስላደገ አዲስ የንጽሕና ሥርዐት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የመዳፍና የውስጠ እግር ላብ ግን ከዚህ ይለያል። በእነዚህ ስፍራዎች ያሉት ዕጢዎች ከሙቀት ይልቅ ለድንጋጤ፥ ለጭንቀትና ለኀፍረት ይታዘዛሉ። በአንዳንድ ልጆች ዕጢዎቹ ከሌላው ሰው በቁጥርም በመጠንም ሳይበልጡ፥ የሚያዝዛቸው ጅማት፥ ማለትም ነርቭ፥ ትእዛዙን ያበዛባቸዋል። በአሜሪካ አገር ተደርጎ በ1996 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ከ100 ሰው 3 ያህሉ እንዲህ ያለ የበዛ ላብ እንዳለበት አሳይቷል። እንግዲህ በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ «እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ የሚሰወረው ልጅ ብቻውን አይደለም። ይልቁንም ኀፍረቱ ራሱ ላቡን ይጨምራል፤ ላቡም ኀፍረቱን ይጨምራል። ስለዚህም በሰው ፊት የሚሰደብ ልጅ ከስድቡ የሚያተርፈው የበለጠ ላብ ብቻ ነው።

ይህ ከልጁ ተፈጥሮ የመጣ ላብ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። በሁለቱም እጅ፥ በሁለቱም እግር ወይም በሁለቱም ብብት እኩል ይወጣል። በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል፤ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በየሳምንቱ ይመላለሳል፤ ብዙ ጊዜም ከዘመድ አንዱ ያው ያለበት ሆኖ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ልጁ ሲተኛ ይደርቃል። እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ ጥሩ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ መዳፉን ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ቀን ወረቀት የሚያረጥበው እጅ ሌሊት ደርቆ ካገኛችሁት፥ ነገሩ የነርቭ ትእዛዝ መብዛት እንጂ ክፉ በሽታ ላለመሆኑ አንድ መልካም ምልክት ነው።

በአንጻሩ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልግበት ላብ አለ። በቡናው ቆላ ወባ ስላለ፥ ብርድ ብርድ ካለው፥ ከዚያ ትኩሳት ከያዘው፥ በኋላም ላብ ካጠመቀው የዚያኑ ዕለት ደሙ ይመርመር። ሌሊት ሌሊት ልብሱን እስኪቀይር የሚያልበው፥ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበትና እየከሳ የሚሄድ ልጅ ስለ ሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። በደንብ እየበላ የሚከሳ፥ ልቡ የሚመታበት፥ እጁ የሚንቀጠቀጥ፥ አንገቱም ላይ እብጠት የታየበት ልጅ የእንቅርት ዕጢው ሥራ በዝቶ ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ በድንገት ቀዝቃዛ ላብ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ፥ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ራሱን የሚያውቅ ከሆነ ወዲያውኑ ጣፋጭ ነገር ይሰጠው። ላቡ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነም ለሐኪም ይታይ።

ከዚህ ሁሉ ነጻ የሆነ ልጅ በቤት ውስጥ ሊደረግለት የሚገባው ብዙ ነው። በመጀመሪያ እግር። እግሩን ማታና ጧት በሳሙና ይታጠብ፤ ከመታጠቡም ይልቅ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቁ ይበልጣል። ካልሲው የጥጥ ይሁን፤ ሁለተኛ ካልሲ በደብተር ቦርሳው ይያዝና እኩለ ቀን ላይ ይቀይር። ርካሽ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚጫማው የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ አየር ስለማያስገባ እግርን ይቀቅላል። አቅም ከፈቀደ ሁለት ጫማ ኖሮት አንዱን ሲያደርግ ሌላው ይናፈስ። ጫማው ይቅርበት ማለት ግን አይገባም፤ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ ለሚባለው የእግር እብጠት እንደሚያጋልጥ መርሳት የለብንም። ውስጠ እግሩ ነጥቶ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጉድጓዶች ከታዩበትና ሽታው ከበረታ፥ ተሐዋስያን ገብተውበታልና በሚቀባ መድኃኒት ይድናል።

ስለ ብብት፥ እናቶቻችን ከገበያ ገዝተው የሚጠቀሙበት ሸብ ሽታን በማስታገስ የሚረዳ ነው፤ ሐኪሞች ከሚያዝዙት መድኃኒት ጋርም በአሉሚኒየም ይዛመዳል። ሎሚ መቀባት ግን አይመከርም፤ የተላጨን ቆዳ ያቃጥላል፥ ፀሐይ ሲያገኘውም ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ሽቶም ሽታን ይሸፍናል እንጂ ላብን አይቀንስም። ልብስ ሰፋ ያለና የጥጥ ቢሆን ይሻላል፤ ነጭ ልብስም የላቡን ምልክት ይሰውራል።

ስለ ምግብና መጠጥ ስንናገር፥ ትኩስና የሚያቃጥል ነገር የፊትን ላብ ያነሣሣል። በዚያ አገር ከቡና ቅጠል ተፈልቶ በሚጥሚጣና በዝንጅብል የሚጠጣው ጨሞ፥ እንዲሁም ቡናው ራሱ፥ ላብ ለሚበዛበት ልጅ ከፈተና በፊት ቢቀርበት ይሻላል። ውኃ ግን አይቀንስበት፤ ውኃ መከልከል ላብን አያቆምም፥ ልጁን ያደክማል እንጂ። በመጸው ወራት በቡና ለቀማ የሚውል ልጅ ጾም ሲይዝ፥ የጾሙ ሰዓት ካበቃ በኋላ በቂ ውኃ መጠጣቱን ወላጅ ይከታተል። ሰውነቱ የደከመ እንደ ሆነም ለንስሐ አባቱ ይንገርና ምክር ይቀበል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልቀነሰ ላብ ሕክምና አለው። መጀመሪያ የሚታዘዘው ከመቶ 20 እጅ አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ነው። ማታ ሊተኙ ሲሉ ፈጽሞ በደረቀ ቆዳ ላይ ይቀባል፥ ጧት ይታጠባል። መጀመሪያ በየሌሊቱ፥ ላቡ ሲቀንስ ደግሞ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። በተላጨ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ቢያቃጥል ማራራቅ ነው። ለእጅና ለእግር በውኃ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያሳልፍ መሣሪያ አለ፤ ይህ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ መሣሪያና በባለሙያ ምክር ብቻ የሚደረግ ስለ ሆነ፥ ማንም በቤቱ መብራት እንዳይሞክረው አጥብቀን እናስጠነቅቃለን፤ ይገድላል። በመርፌ የሚሰጥ፥ ለጥቂት ወራት ላብን የሚያቆም መድኃኒትም አለ። የሚዋጥ ክኒን አፍን ያደርቃል፤ በሞቃት አገርም የመላ ሰውነትን ላብ ስለሚቀንስ ሙቀት እንዳይጎዳ ጥንቃቄ ይሻል። በደረት ውስጥ ነርቭ የሚቆረጥበት ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው፤ እጁ ደርቆ ጀርባውና ሆዱ ከቀድሞው ይበልጥ የሚያልበው ሰው ብዙ ነውና። የቴፒና የአካባቢው ሰው መጀመሪያ በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ፥ ቀጥሎም በሚዛን አማን በሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሊጠይቅ ይችላል። አዲስ አበባ የሚደርስም በአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞችን ያገኛል።

አሁን ወደዚያ ቤት እንመለስ። የበዛ ላብ በዘር እንደሚወረስ ስንናገር አባትዮው ዝም ብለው መዳፋቸውን ተመለከቱ። ከዚያም ልጃቸውን ጠርተው፥ «እኔም በአንተ ዕድሜ ገጀራ ከእጄ እያዳለጠኝ አፈር እያሸሁ ነበር የምይዘው። ለማንም ሳልናገር አረጀሁ። አንተን ትዕቢተኛ ያልሁህ ተሳስቼ ነው» አሉት። ልጁም፥ «አባባ፥ እርስዎም?» ብሎ እጁን ከኪሱ አወጣ። መድኃኒቱ ገና አልተገዛም ነበር፤ ነገር ግን ከሸክሙ ግማሹ በዚያች ሰዓት የወረደለት ይመስለናል።

በኋላ እንደ ሰማነው፥ ልጁ ፈሳሹን በሥርዐት ይቀባል፤ እሑድ እሑድም ደረቅ ካልሲ በኪሱ ይዞ ሄዶ፥ ጫማውን ሲያወልቅ ቀይሮ ይገባል። ላቡ ፈጽሞ አልጠፋም። እርሱ ግን ከዛፉ ሥር ወደ ውስጥ ተመልሷል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ እጁን የሚሰውር፥ ጫማውን ማውለቅ የሚፈራ ልጅ በቤታችሁ ካለ፥ ጠባዩን ከመክሰሳችሁ በፊት እጁን ያዙት። ርጥብ ሆኖ ካገኛችሁት ቶሎ አትልቀቁት።